አጋዘን ለቅበላ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

የየሺሃረግን ጎመን የሚበላው ማን እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ታወቀ። አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ፣ ወደ ሐይቁ ከሚወርደው ጫካ ነው የሚመጡት። አጥሩን ሲዘሉ ድምፅ የላቸውም፤ ነፋስ ከገመድ ላይ አንሶላ የሚያነሳ ነው የሚመስለው። ሲያዩኝ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። ሥሩ ነጭ ነው። እያውለበለቡት ሄዱ።

ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጎመኔን ጨርሰው ባንዲራ እያውለበለቡ ሲሄዱ ዝም ብለህ ታያለህ?» አለች።

«ጭራ ማቆም ማስጠንቀቂያ ነው። አደጋ አለ ብለው ለጓደኞቻቸው መናገራቸው ነው።»

«ጎመን እንዳለም ሳይነግሯቸው አይቀሩም።»

ይህን ደብተር የጀመርኩት ስለ አጋዘኖቹ ልጽፍበት ነው። ሌላ ነገር ቢገባበት በስህተት ነው።

ማታ ሩሐማ ዴንተን ካለው ሥራዋ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ እሑድ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ እፈልጋለሁ» አለች። ጥሩ አልኳት። አጋዘን መንታ መውለዱ የተለመደ ነው። እኛ አንድ ነው የወለድነው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አጋዘን እላለሁ እንጂ አጋዘን አይደለም። የአገራችን አጋዘን ጠመዝማዛ ቀንዱን አንዴ ካበቀለ ይዞት ይሞታል። ይኸኛው በየዓመቱ ያበቅላል፣ በየዓመቱ ይጥላል። በጋውን ቀንዱ ለስላሳ ቆዳ ለብሶ፣ ደም እየዞረበት ያድጋል። መስከረም ገደማ ቆዳውን ከዛፍ እያሸ ያወልቀዋል። ከፈረንጅ ገና በኋላ ቀንዱ ራሱ ወልቆ ይወድቃል። ከሰሐራ በታች እንዲህ ያለ ፍጡር ስለሌለ ቋንቋችን ስም አላዘጋጀለትም። እኛም ቴክሳስ ስንመጣ ቅርብ ያገኘነውን ስም አለበስነው። እሱ ቅሬታ አላቀረበም።

በጸሎታችን ውስጥ ደግሞ ውኃ የሚናፍቅ ዋላ አለ። አንድ ጊዜ ዲያቆኑን ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የተጠማች ነፍስ ናት» አለኝ። ቀንድ አላት ወይ ብዬ ብጨምር ቅር አለው።

የምሠራበት ሆቴል ሎቢ ውስጥ፣ ከእኔ ጠረጴዛ በላይ፣ የአንዱ ጭንቅላት ተሰቅሏል። ዓይኑ መስታወት ነው። አብራኝ እንግዳ የምትቀበለው ሳሮን፣ «ጋሼ ይገዙ፣ ሱፐርቫይዘርህ እኮ እያየህ ነው» ትለኛለች። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት። ቁጣዬን ቀልድ፣ ቀልዴን ቁጣ ታደርገዋለች።

ዛሬ ያነበብኩት፦ ይህ እንስሳ ሐሞት የሚባል ነገር የለውም። ጉበቱ አለ፣ ሐሞት ከረጢቱ የለም። ዱለት ወዳጆች ያዝናሉ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

መጣ። ስሙ ሚኪያስ ነው። በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል ተሰዶ መጥቶ አርሊንግተን ያደገ ልጅ ነው። ወላጆቹ አርፈዋል፤ ያሳደገው አጎቱ ፍቅሩ ነው። ቤታችን ፊት ፓርክ ያደረገው ፒክአፕ ከሳሎናችን ይበልጣል። ከኋላ መስታወቱ ላይ የአጋዘን ራስ ሥዕል ለጥፏል። ሰው ወላጅ ሊተዋወቅ ሲመጣ ይህን መላጥ ይችል ነበር።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ኤሲ ፊክስ አደርጋለሁ። ኮሜርሻል። ማለቴ፣ ትልልቅ ሕንፃ።»

«ማስተርስህን የት ሠራህ?»

«ማስተርስ የለኝም ጋሼ።»

የሺሃረግ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካችኝ። ነካችኝ ማለት ለዘብ ያለ አገላለጽ ነው። ሩሐማ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ማስተርሷን ከያዘች ቆየች። ይህን ያነሳሁት ለመረጃ ያህል ነው።

ከምሳ በኋላ ልጁ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ሶሴጅ ነው። ዲር። እኔ ነኝ ያደንኩት። ፖርክ የለውም፣ ቼክ አድርጌአለሁ።»

«እንዴት ሞተ?»

«ማን?»

«ሶሴጁ።»

«በጥይት። አንድ ሾት። አልተሠቃየም።»

«እኛ ቤት በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላም። የጥይት ሥጋ በክት ነው።»

አሰበበት። «ሶ፣ ታርዶ ቢሆን ኦኬ ነው?»

«ባርከህ ያረድከውን ይዘህ የመጣህ ቀን፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን» አልኩት።

ቀልድ ነበር። ልጁ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።

ከሄደ በኋላ የሺሃረግ ዕቃ እያጠበች፣ «ከሱቅ የምናመጣውን ዶሮ ማን ባርኮት ነው?» አለችኝ።

ያ ሌላ ጉዳይ ነው አልኳት። በምን እንደሚለይ አልጠየቀችኝም፤ ጥሩ አደረገች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። እናቲቱ ዛሬም መጥታለች። ልጆቿ በግልገልነታቸው የነበራቸው ነጭ ነጠብጣብ ጠፍቷል። ሩሐማ ቁርስ አልበላችም። እኔንም አላየችኝም፤ ወይም አይታ አልፋለች።

ማስታወሻ፦ ወንዱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው እናቱን ትቶ ሩቅ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የምታባርረው ራሷ ናት። ሴቷ ግን እናቷ አካባቢ ትቀራለች። አያት፣ እናት፣ ልጅ፣ አንድ ሰፈር። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ የእኔ አስተያየት አይደለም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ አደን ተከፈተ። እዚህ አገር ይህ ቀን ታቦት አይወጣበትም እንጂ በዓል ነው። ሎቢው ከማለዳው ቅጠል የመሰለ ልብስ በለበሱ ሰዎች ተሞላ። ዛፍ እንዲመስሉ ቅጠል ለብሰዋል፤ ሰው መሆናቸው እንዳይረሳ ደግሞ ከላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ደርበዋል። ነዳጅ ማደያው በር ላይ የአጋዘን በቆሎ በጆንያ ተደርድሯል። በቆሎውን በሰዓት የሚበትን መሣሪያ አላቸው። እንስሳው ወራት ሙሉ በሰዓቱ እየመጣ እንዲበላ ያስለምዱትና፣ አንድ ቀን ጠዋት ማማ ላይ ወጥተው ይጠብቁታል። ስፖርት ይሉታል። እኛ አገር ማማ የሚሠራው እህሉ እንዳይበላ ነበር።

ግን ልሳደብ አልችልም። ከመቶ ዓመት በፊት ቴክሳስ ውስጥ ይህ እንስሳ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የጨረሱት የሥጋውና የቆዳው ነጋዴዎች ነበሩ። ያዳኑት አዳኞቹ ናቸው፤ ሕግ አስወጡ፣ ከተረፈበት እያመጡ ባዶው መሬት ላይ ለቀቁት። አሁን የእኛ ጎመን ድረስ ተርፏል። ሊገድሉት ስለሚወዱት አልጠፋም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ትክክል ነው።

ለሳሮን ስነግራት፣ «ጋሼ፣ አንተ ራስህ ሀንቲንግ ፈልገሃል» አለችኝ።

ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ሚኪያስ ነው።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ነህ? አንድ ጥያቄ። ሲታረድ ፊቱ ወደ የት ነው?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«ኦኬ። ሶ፣ ቢላው... በስመ አብ የምለው ከመቁረጤ በፊት ነው? ወይስ እየቆረጥኩ?»

«ከመቁረጥህ በፊት። እንስሳው በሕይወት ሳለ።»

«በሕይወት ሳለ» ብሎ ደገመው። አመሰገነኝ። ሳሮን ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። አንድ ወጣት የአባቶቹን ሥርዓት ለማወቅ ሲፈልግ ደስ አይልም?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ሩሐማ ሳሎን መጥታ ቆመች። መቆሟ ነው ያስፈራኝ።

«ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ኅዳር 14፣ እሑድ። ጋሽ ፍቅሩ ከቀሲስ ሞላልኝ ጋር ተነጋግሯል።»

«ኅዳር 14 ቅበላ ነው፤ በነጋታው ጾም ይገባል።»

«ለዚያ ነው የተመረጠው። ልትመልሳቸው ነው አይደል? ‹እንመካከርበት፣ ከገና በኋላ ተመለሱ› ልትል ነው።»

«እንደዚያ ማለት ደንብ ነው። የእኔም አማት ሦስት ጊዜ መልሰውኛል።»

«አባዬ፣ ከገና በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት ትፈልጋለህ። አውቅሃለሁ። በጾም ሰርግ የለም፤ ኮርት ሃውስ ግን ክፍት ነው። ያን ቀን እሺ ካላልክ በነጋታው ዴንተን ሄደን እንፈርማለን። አንተ ሳትኖር። እኔ እንደዚያ አልፈልግም፤ ግን አደርገዋለሁ።»

ሴቷ አጋዘን እናቷ አካባቢ እንደምትቀር ነገርኳት።

«እኔ ዲር አይደለሁም» አለችና ወጣች።

ስለ ልጁ የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዳኝ መሆኑን። ሌላ የለኝም። ኤሲ መጠገን የተከበረ ሙያ ነው፣ በተለይ በዚህ አገር ሙቀት። አነጋገሩ ይታረማል። መኪናውም ይሸጣል። ሩሐማ እሱ ሲመጣ የምትስቀው ሳቅ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ መሆኑም ተቃውሞ አይደለም፤ ትዝብት ነው።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የቆሰለ አጋዘን ስለሚያደርገው ነገር አነበብኩ። የወደቀ ወንድ ሞቷል ብሎ በፊቱ የቀረበ ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል። በተለይ በዚህ ወራት። ኅዳር የሚሳረሩበት ጊዜ ስለሆነ የአውራው አንገት ያብጣል፣ ምግብ ይተዋል፣ ከዛፍ ጋር ይዋጋል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከተኮስክ በኋላ ቆይ። ከኋላው ቅረብ። በረጅም እንጨት ዓይኑን ንካ። ካርገበገበ አልሞተም፤ አትጠጋ።

ይህን ለሚኪያስ ልነግረው ይገባል። ወይም ያን ነገር ተወው፣ ቀልዴን ነው ልለው ይገባል። ነገ እደውላለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አልደወልኩም። ሥራ በዛ። ደግሞስ ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ያድናል፤ እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ለእሱ ማስተማሬ ድፍረት ይሆናል።

ዛሬ ጓሮ ውስጥ አውራው መጣ። እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም። አንገቱ የበሬ አንገት አህሏል። አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ ምንም ሳያይ፣ እናቲቱን ተከትሎ የየሺሃረግን ቃሪያ ረግጦ አለፈ። ልጆቿ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ዳር ቆመው ያያሉ። አዘንኩላቸው። ከዚያ አውራው ቆሞ እኔን አየኝ፤ የፈራው እሱ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ የሺሃረግ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «ይገዙ እንደሆነ አጋዘን ሲያይ ነው የሚውለው። ልጅቷን አያያትም። ሲያያት ደግሞ አጠገቧ ማን እንደቆመ ነው የሚያየው።» ቆይታ፣ «የፈራው ልጁን አይደለም እኮ። ቤቱን ነው። እኔና እሱ ብቻችንን ምን ልናወራ ነው?»

ስህተት ነው። አጋዘን የማየው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ፍቅሩ ደወለ። ትሕትናው ያደክማል። «ወንድሜ ይገዙ፣ እሑድ ለአንድ ጉዳይ በርዎን እናንኳኳለን፤ ሰዓቱ ይመችዎታል?» ጉዳዩን አያውቅም ብሎ ነው! ይመቸኛል አልኩት።

መልሴን መስታወት ፊት ተለማመድኩት። «ነገሩ ከባድ ነው፣ ቤተሰብ አለ፣ እንመካከርበት።» ጥሩ ይወጣል። ድምፄም ይከብዳል። ሁለተኛ ስለማመድ የሺሃረግ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ልክ አባቴን ትመስላለህ» አለች። አባቷን አትወዳቸውም ነበር።

ልጁ ጋ አልደወልኩም። ነገ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሚኪያስ ነጠላውን ትከሻው ላይ ያለ ልክ ጠምጥሞ በር ላይ ቆሟል። እጅ ነሳኝ።

«ጋሼ፣ ነገ ለአደን እገባለሁ። ጓደኛዬ መሬት አለው፣ ከዴንተን ወዲያ። ለቅበላ አመጣዋለሁ። ትሩ አበሻ ስታይል።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው። ቀሲስ ሞላልኝ በዚያ ሰዓት መጡና ለመስቀል ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ልጁ ለሰዎች ጫማ እያቀበለ ነው።

«ተጠንቀቅ» አልኩት ስወጣ። ይህን ማለቴ ይመዝገብልኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሩሐማ ደወለች። «አባዬ፣ ሚኪ ተወጋ።»

«በምን?»

«በዲር።»

ሆስፒታል ናት። ድምፅዋ ደረቅ ነው። አትምጣ አለችኝ። የሺሃረግ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። እኔን አላስከተለችኝም። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ፣ ያው ቀን

የሆነውን አሁን በቅደም ተከተል አውቃለሁ፤ የሺሃረግ ነገረችኝ። እየነገረችኝ ጫማዋን አላወለቀችም።

አውራ ነበር። ልጁ መታው፤ ግን አውቆ፣ ወዲያው እንዳይሞት አድርጎ። ወደቀ። ጓደኛው ከማማው ሆኖ ቆይ፣ ቆይ እያለ ይጮኻል። ልጁ ጠመንጃውን አስቀምጦ ቢላዋውን ይዞ ሄደ። እንስሳው ይተነፍሳል። ቀንዱን ይዞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረው። መጸለይ ጀመረ። አውራው ተነሳ። ቀንዱ የልጁ ታፋ ውስጥ ገባ። ትልቁን የደም ሥር የሳተው በትንሽ ነው። ጓደኛው ደርሶ ታፋውን በቀበቶ አሰረለት። ከዚያ በፊት ግን፣ በዚያ ሁሉ መሃል፣ ልጁ የአውራውን አንገት ቆርጦታል።

የአዳኞቹ ሕግ ሳይሞት አትጠጋ ይላል። የእኛ ሕግ ከሞተ አይበላም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፤ ልጁ የቆመው እዚያች ላይ ነበር። እዚያ ማን እንዳቆመው ለጊዜው አይታወቅም።

ሩሐማ ልብስ ልትወስድ መጣች። እጅጌዋ ላይ ደም አለ።

«አንተ ነህ ያልከው?»

«ቀልድ ነበር።»

«እሱ የአማርኛ ቀልድ አይገባውም፣ አባዬ! አንተ ያልከውን ሁሉ እንደ ቃል ነው የሚይዘው። ወደ ምሥራቅ ያልከው አንተ ነህ?»

«ጠየቀኝ...»

«ነገርከው።» ሻንጣዋን ዘጋች። «ትልቁን ሻንጣ ነው የያዝኩት። እንዳትፈልገው።»

ከሄደች በኋላ ለቀሲስ ሞላልኝ ደወልኩ። ነገሩን በጥንቃቄ አስረዳኋቸው። እንስሳው በጥይት ቆስሎ ነበር፤ ነገር ግን ሲባረክ በሕይወት ነበር፤ መቆሙ ራሱ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ጸሎቱ ግን ሳያልቅ ተቋርጦ ከሆነ፣ ቢላዋው ደግሞ ዘግይቶ ከሆነ፣ ሥጋው ይበላል ወይስ በክት ነው? ብዙ አወራሁ። የተለያዩ ሁኔታዎችን ለያይቼ አቀረብኩ። አላቋረጡኝም።

ስጨርስ፣ «ልጁስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ታፋው የትኛው እንደሆነ፣ ስፌቱ እንዳለቀ፣ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ፤ ምንም አልጠየቅሁም። የሺሃረግ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጠይቄያት የነበረው፣ ሥጋውን ማን ወሰደው ብዬ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጠዋት ፍቅሩ ደወለ። «ወንድሜ፣ እንደሰሙት ልጃችን ተኝቷል። ዛሬ ይለቁታል ብለዋል፤ ቢሆንም ጉዳዩን ከጾሙ በኋላ እናድርገው? እርስዎም ጊዜ ያገኛሉ።»

መስታወት ፊት የተለማመድኩትን መልስ እሱ ራሱ አቀረበልኝ። አሜን ብል በቂ ነበር።

«አይሆንም። ዛሬ ኑ» አልኩት።

የሺሃረግ ማጠቢያው ውስጥ አንድ ነገር ጣለች። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ተሰበረ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀሲስ ሞላልኝ፣ ፍቅሩ፣ ሌላ አንድ ሽማግሌ። የፍቅሩ ሱፍ ተጨማዷል፤ ሆስፒታል ወንበር ላይ እንዳደረ ይታያል። ሳሎን ገብተው ተደርድረው ቆሙ። ይህ ሥርዓት ነው፤ የመጡበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ፣ የቤቱ አባወራ ሳይል፣ ሽማግሌ አይቀመጥም። ፍቅሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ ወደ ቤትዎ ያመጣን የተቀደሰ ጉዳይ ነው። ልጅዎን ለልጃችን...»

«ልጁ የት ነው?» አልኩት።

ፍቅሩ ግራ ገባው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። «መኪና ውስጥ ነው። ከሆስፒታል በቀጥታ ስለመጣን... ሩሐማ ናት የምትነዳው። እንዳይታይ ማዶ ነው ያቆምነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ወጣሁ። ሽማግሌዎቹን አቁሜ። የሺሃረግ ስሜን ጠራች፤ አላቆመችኝም።

ፒክአፑ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ሩሐማ መሪው ላይ ናት። አላየችኝም። ልጁ ከኋላ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ በጎኑ ተቀምጧል፤ የሱሪው አንድ እግር ተቀዷል። ፊቱ አመድ መስሏል። በሩን ስከፍት ሊነሳ ሞከረ።

«ሶሪ ጋሼ። መነሳት አልችልም።»

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ኦኬ ነኝ።» ከዚያ፣ «አይደለሁም። በጣም ያማል።» እና ወዲያው፦ «ሥጋው ኩለር ውስጥ ነው፣ ጓደኛዬ በረዶ አድርጎበታል። ግን ጋሼ፣ ላሳስትህ አልፈልግም። አብን ስል ተኝቷል። ወልድን ስል ተነሳ። መንፈስ ቅዱስን ያልኩት መሬት ላይ ወድቄ ነው። ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል» አልኩት፣ ሥልጣኑ እንደሌለኝ እያወቅሁ።

ራሱን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። ማለት የነበረብኝ ብዙ ነገር ነበር። የወጣው ግን ይህ ነው፦ «ያን ቀን ያልኩህ ቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታውቃለህ?»

«አዎ። ፊትህ ላይ ያስታውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

ቃል እየፈለገ ነበር፤ አማርኛው እስኪመጣለት ጠበቅሁት። «ቀልድ ቢሆንም... ካደረግኩት፣ ኖ ማለት አትችልም ብዬ ነው።»

ሩሐማ ያን ጊዜ ዞረች። እሱንም እኔንም አየች። ዓይኗ አብጧል። እኔ እንደሆንኩ የማየው ነገር አጥቼ የተቀደደውን ሱሪ አያለሁ። ቀኙ ነው። ቀኝ ታፋው ነው።

«እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርግ» አልኩት።

«ሽማግሌዎቹ አሉ እኮ። አይፈቀድም ብሎኛል አጎቴ።»

«አድርግ።»

ከባድ ልጅ ነው። የሆስፒታል ሳሙናና የጫካ ጭቃ ይሸታል። ሩሐማ በሌላው በኩል ያዘችው። መንገዱን ስንሻገር አንድ መኪና ቆሞ አሳለፈን። በረንዳው ደረጃ ላይ አቃሰተ፤ እኔም አቃሰትኩ። ሩሐማ፣ «አባዬ፣ ወገብህ» አለች። ከትናንት ወዲህ ያለችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ሳሎን ገባን። ሶፋው ላይ አስቀመጥነው። የሺሃረግ ከመኝታ ቤት የራሷን ትራስ አምጥታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ከቀኝ እግሩ ሥር አደረገችለት። ፍቅሩ እንባ መጣበትና ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ሦስቱ ግን እንደቆሙ ናቸው። ቀሲስ ሞላልኝ የጉልበት ሕመም አለባቸው፤ አንዱን እግራቸውን ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ይተካሉ። የተለማመድኩት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

«እንግዲህ፣ ይገዙ» አሉ ቀሲሱ፣ «እኛንስ ምን ትለናለህ?»

«ተቀመጡ» አልኳቸው።